የዲስቶርሽን መለኪያዬን ሳድስ፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017

ዕቃው ገባ። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ከሁለቱ ሻንጣዎቹ አንዱን ለዚህ ብረት ብቻ ሰጥቶታል። ውለታው አይረሳም።

ቴክትሮኒክስ ኤኤ501 ይባላል። የዲስቶርሽን፣ ማለትም አንድ ዕቃ በድምፅ ሞገድ ላይ የሚያደርሰው መዛባት፣ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ፣ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ የተሠራ። ለብቻው አይሠራም። ቲኤም503 በሚባል ባለ ሦስት ክፍል ሳጥን ውስጥ ይሰካል፤ መብራት የሚያገኘውም ከሳጥኑ ነው። ኤኤ501 ሁለቱን ክፍል ይይዛል። ሦስተኛው ክፍል የጓደኛው የኤስጂ505 ነበር። ኤስጂ505 ንጹሑን የድምፅ ሞገድ የሚያመነጨው ኦሲሌተር ነው። ሻጩ እሱን ለብቻው ሸጦታል፤ ቦታው ባዶ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሥራ አለብኝ። መለኪያውን ማደስ፣ ለባዶው ክፍል ደግሞ ኦሲሌተር መሥራት። ፋብሪካው ኤኤ501 እና ኤስጂ505 አንድ ላይ ሲሠሩ የራሳቸው ዲስቶርሽንና ጫጫታ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ ከ0.0025 በመቶ አይበልጥም ይላል። እዚያ መድረስ እፈልጋለሁ፤ ከተቻለም ማለፍ።

ለጀማሪ አንድ ነገር ልበል። የዲስቶርሽን መለኪያ የሚሠራው ስንዴ እንደሚነፋ ሰው ነው። አንድ ንጹሕ ቃና፣ ለምሳሌ 1 ኪሎኸርዝ፣ ወደ አምፕሊፋየሩ ትልካለህ። ከወዲያ ሲወጣ መለኪያው ያንን ቃና ነቅሶ ያወጣዋል። ወንፊቱ ላይ የቀረው አምፕሊፋየሩ ከራሱ የጨመረው ነው፤ ሃርሞኒክ (የቃናው ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ)፣ ጫጫታ፣ የመብራት ጉምጉምታ። ችግሩ ግን የላከው ኦሲሌተርም፣ የሚነፋው መለኪያም የየራሳቸው ጠጠር አላቸው። የእነሱን ጠጠር ካላወቅህ የአምፕሊፋየሩን አታውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ሳጥኑ ለ120 ቮልት ነው የተዘጋጀው። ትራንስፎርመሩ ላይ ያለውን ማገናኛ ወደ 220 ቀየርኩ። ፊውዙንም ቀየርኩ፤ ለ120 የተመረጠ ፊውዝ ለ220 ይበዛል፣ ግማሹ ይበቃል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በቀጥታ አልሰካሁትም። 60 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገብቼ ነው ያበራሁት። ውስጥ ያለቦታው የተገናኘ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል እንጂ ዕቃው አይቃጠልም። አምፖሉ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። ደግ ነው።

የኤኤ501 ቁጥር ግን ይዘላል። አዝራሩን ነካ ባደረግሁት ቁጥር ይለዋወጣል። ምክንያቱ ሞጁሉ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ጥርስ ነው። አርባ ዓመት አልፎታል፣ ጠቁሯል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ላጲስ አነሳ። አስቆምኩት። ጥርሱ የተለበጠበት ወርቅ ስስ ነው፤ ላጲስ ይልጠዋል። በአልኮል በራሰ ወረቀት ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል። ወረቀቱ ጥቁር እየሆነ መጣ፣ ስድስት ሰባቴ ቀየርነው፣ በመጨረሻ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ቆመ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሳጥኑ ለእያንዳንዱ ክፍል +33 እና −33 ቮልት ይሰጣል፤ ያልተገራ ቮልቴጅ ነው። እሱ ላይ ኦሲሎስኮፕ (ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ) ሳደርግ የ100 ኸርዝ ሞገድ 2.5 ቮልት ያህል ይወዛወዛል። ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል። ትልልቆቹን በሙሉ ቀየርኳቸው። ውዝዋዜው ወደ 0.7 ቮልት ወረደ። ሌላ የሚባል ነገር የለውም፤ ግማሽ ቀን ወስዷል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ኦሲሌተሩ ተሠራ። ለአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው፣ ለ1 ኪሎኸርዝ። ብዙ ፍሪኩዌንሲ ያለው ኦሲሌተር ብዙ ማዞሪያ አለው፣ ብዙ ማዞሪያ ብዙ ጣጣ አለው። እኔ አንዱን በደንብ መሥራት መረጥኩ።

ዓይነቱ ዊን ብሪጅ ነው። 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከ15.9 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር ሲገናኝ 1 ኪሎኸርዝ ይሰጣል። 15.9 ሱቅ ውስጥ ስለማይገኝ 15 ኪሎን ከ910 ኦም ጋር በተከታታይ አደረግሁ። ካፓሲተሩ ፖሊስታይሪን ነው። ተራው ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ ግን ራሱ ዲስቶርሽን ይፈጥራል።

የዚህ ኦሲሌተር ጭንቀቱ አንድ ነው፦ የሞገዱን ቁመት ቀጥ አድርጎ ማቆየት። ማጉያው በትክክል ሦስት እጥፍ ማጉላት አለበት። ትንሽ ካነሰ ሞገዱ ይሞታል፣ ትንሽ ከበለጠ ጫፉ ይቆረጣል። ዊልያም ሂውሌት ይህን ችግር የፈታው በትንሽ አምፖል ነበር። አምፖሉ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ማጉያውም ራሱን ይገታል። ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1939 ሥራ የጀመረው በዚያ ኦሲሌተር ነው፤ 200ኤ ይባላል። እስካሁን ካየሁት ሁሉ የሚያስደንቀኝ ሐሳብ ነው። አንድ ተራ አምፖል፣ ሳይታዘዝ፣ ራሱ እየሞቀና እየበረደ ሥራውን ይሠራል።

እኔ ግን በአምፖል ፈንታ ጄፌት ተጠቀምኩ፤ ሬዚስታንሱ በቮልቴጅ የሚታዘዝ የትራንዚስተር ዓይነት ነው። ተስማሚው አምፖል እዚህ ገበያ አይገኝም፤ ጄፌቱ ግን እጄ ላይ ነበረ። ጄፌት የራሱ ነውር አለው። በላዩ የሚያልፈው ሞገድ ራሱ ሬዚስታንሱን ይለውጠዋል፤ ይህም ሁለተኛ ሃርሞኒክ ይወልዳል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ የድሬኑን ቮልቴጅ ግማሽ ወደ ጌቱ መመለስ (ሁለቱም የጄፌቱ እግሮች ናቸው)። ለዚህ ሁለት እኩል 100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ይበቃሉ። አደረግሁ።

በሁለት ባትሪ አስነሣሁት። ኬብሉን በቀጥታ ወደ ኤኤ501 ሰካሁ። የ80 ኪሎኸርዝ ማጣሪያውን ተጫንኩ። 0.0019 በመቶ!

ልጁ አጨበጨበ። እኔም ደስ አለኝ። ከፋብሪካው ወሰን በታች ነን። መለኪያው ፊት ለፊቱ ላይ የተረፈውን ምልክት የሚያወጣበት ቀዳዳ አለው። ከዚያ ወደ ላፕቶፕ አስገብቼ ሩም ኢኪው ዊዛርድ በሚባል ፕሮግራም ስፔክትረሙን፣ በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል ምልክት እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ወሰድኩ። ሁለተኛው ሃርሞኒክ ከዋናው ቃና አንጻር −106 ዲቢ፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ንጹሕ ነው። ምስሉን አስቀመጥኩት። ማስቀመጤ ኋላ ጠቅሞኛል።

በነገራችን ላይ፣ በላፕቶፕ ስትለኩ ቻርጀሩን ንቀሉ። ሳልነቅል የወሰድኩት ስፔክትረም ሣር የበቀለበት ሜዳ ይመስላል።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ኦሲሌተሩን ከባትሪ አውጥቼ ባዶው ክፍል ውስጥ አስገባሁት። መጀመሪያ 7815 እና 7915 የሚባሉ ሬጉሌተሮች (ቮልቴጅ የሚገሩ ዕቃዎች) ልጠቀም አስቤ ነበር፣ ተውኩት። 7815 መግቢያው ላይ ከ35 ቮልት በላይ አይችልም። ሳጥኑ 33 ይሰጣል፤ ሌሊት የሰፈሩ መብራት ከፍ ሲል ወሰኑን ያልፋል። ኤልኤም317 እና ኤልኤም337 አደረግሁ።

ቁጥሩ 0.0041 ሆነ። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

የ400 ኸርዝ ማጣሪያውን ስጫን ወደ 0.0019 ተመለሰ። እንግዲያው ዲስቶርሽን ሳይሆን የመብራት ጉምጉምታ ነው። የቀረው ጥያቄ 50 ኸርዝ ነው ወይስ 100 የሚለው ነው። 100 ከሆነ የሬጉሌተር ጉዳይ ነው፤ 50 ከሆነ የግራውንድ ዙር። ኦሲሎስኮፑ 50 አሳየኝ። ኦሲሌተሩ ግራውንዱን በሁለት መንገድ ያገኛል፤ አንዴ በሳጥኑ፣ አንዴ በኬብሉ ሽፋን። መካከሉ ላይ ዙር ተፈጥሯል፣ ትራንስፎርመሩም ዙሩ ውስጥ ይዘፍናል።

የኦሲሌተሩን ግራውንድ ከሳጥኑ ብረት ላይ ነቅዬ በ10 ኦም ሬዚስተር በኩል መልሼ አገናኘሁት። 0.0019። አንድ ሬዚስተር ነው፤ ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ። ማታ ሙሉ ግን ፈትኖኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል። መስኮቱን ዘግተን ነው የሠራነው፤ ጢሱ በስንጥቅ ይገባል፣ ዓይናችን ያለቅሳል።

የኦፕአምፕ ቅየራ ቀን ነው፤ መለኪያው ውስጥ ምልክቱን የሚያጎሉት ቺፖች ናቸው። የቆዩት የ5534 ዝርያ ናቸው። መጥፎ አይደሉም፤ በዘመናቸው ምርጥ ነበሩ። አዲሶቹ ኦፒኤ1611 ናቸው። ጫጫታቸው በአንድ ስኩዌር ሩት ኸርዝ 1.1 ናኖቮልት ብቻ ነው፤ የ5534 ከ3.5 በላይ ነው።

ግን ሁሉን አልቀየርኩም፣ ማንም ሁሉን ባይቀይር እመክራለሁ። ኦፒኤ1611 የቮልቴጅ ጫጫታው ትንሽ ቢሆንም የከረንት ጫጫታው ከፍ ይላል፣ 1.7 ፒኮአምፒር። ከፊቱ ትልቅ ሬዚስታንስ ካለ፣ 100 ኪሎኦም እንበል፣ ያ ከረንት 170 ናኖቮልት ይሆናል። አሮጌው 5534 ከዚያ ያነሰ ያመጣል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ያለውን ተውኩት። ቃናውን ነቅሶ የሚያወጣው ክፍል ውስጥ ያሉትን አራቱን ብቻ ቀየርኩ። እነሱን ነቅዬ መጀመሪያ ሶኬት ነው የበየድኩት፤ አሮጌዎቹን መመለስ ቢያስፈልግ ብዬ።

አዲሶቹ ቁመታቸው የምስር ፍሬ ያህላል። እያንዳንዱን ትንሽ ቦርድ ላይ መበየድ አለብኝ። መበየጃውን በትንሹ ጫፍ፣ ሊዱን በቀጭኑ፣ እስትንፋሴን ይዤ። አራተኛው ላይ ሁለት እግር በሊድ ተያያዘ። በመዳብ ክር መጥጬ አወጣሁት።

ስናበራው ኦሲሎስኮፑ ላይ ያለው መስመር ወፍሮ ታየ፣ ጠጉር እንዳበቀለ። ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ይንቀጠቀጣል ማለት ነው። ፈጣን ኦፕአምፕ አሮጌ ቦርድ ላይ ሲቀመጥ የተለመደ ነው። ከእግር 4 እና ከእግር 7 ሥር ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ አደረግሁ። መስመሩ ቀጠነ።

ከዚያ ለካን።

«ጋሼ፣ ባሰበት እኮ!» አለ ልጁ።

0.0022። ከ0.0019 ወደ 0.0022። ስፔክትረሙን ስወስድ ሁለተኛው ሃርሞኒክ ከ−106 ወደ −98 ወጥቷል። ሌላው ሁሉ ባለበት አለ። ሦስት ሳምንት የጠበቅሁት ዕቃ፣ የተሻለ ኦፕአምፕ፣ ቁጥሩ ግን የባሰ። ዘግቼው ወጣሁ። ውጭ ያለው ጢስ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሁለት ቀን ሳስብ ቆየሁ። ስህተቴ ገባኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ኦሲሌተሩን የምለካው በኤኤ501 ነው፤ ኤኤ501ን ደግሞ የምለካው በኦሲሌተሩ። ሁለቱ እርስ በርስ ይመሰክራሉ። ሦስተኛ ምስክር የለም።

ስለዚህ ሦስተኛ ምስክር ሠራሁ። ትዊን ቲ ይባላል። ኦፕአምፕ የለውም፣ መብራት አይፈልግም፤ ሬዚስተርና ካፓሲተር ብቻ ነው። ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ ደህና ዓይነት ከሆኑ፣ ዲስቶርሽን አይጨምሩም ለማለት ይቀርባል። እሴቶቹም እጄ ላይ ያሉት ናቸው፦ 10 ናኖፋራድና 15.9 ኪሎኦም። እጥፍ ካፓሲተር ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን። ግማሽ ሬዚስተር ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን። ከሃያ ካፓሲተር አራት የሚመሳሰሉ ለቀምኩ። በትንሽ ትሪመር (በካቻቢቴ እየዞረ በሚስተካከል ሬዚስተር) አስተካክዬ የ1 ኪሎኸርዙን ቃና 70 ዲቢ ወደ ታች አወረድኩት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ትዊን ቲ ቃናውን ብቻ አይነካም፤ ጎረቤቶቹንም ይጎዳል። ሁለተኛውን ሃርሞኒክ 9 ዲቢ፣ ሦስተኛውን 5 ዲቢ ይቀንሳል። ስለዚህ ስፔክትረሙ ላይ ለሚታየው ቁጥር ይህን መልሶ መጨመር ነው።

ኦሲሌተሩን በትዊን ቲ በኩል ወደ ላፕቶፑ ላክሁት። ሁለተኛው ሃርሞኒክ −107 ይላል። 9 ስጨምርበት −98።

−98! ኤኤ501 በአዲሶቹ ኦፕአምፖች የሚያሳየኝ ልክ ይህንኑ ነው። አሁን መለኪያው እውነቱን ነው የሚናገረው። የዋሸኝ ፊት ነበር፤ ጥቅምት 23 ያጨበጨብንለት ቁጥር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሳህኖቹ ላይ ጭቃ የተጣበቀበት ሚዛን አስቡ። በዚህም ጭቃ፣ በዚያም ጭቃ። ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱን ሳህን ብታጥቡ ሚዛኑ ያጋድላል። ሚዛኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሌላው ሳህን ገና ስላልታጠበ ነው። የኦሲሌተሩ ሁለተኛ ሃርሞኒክ ወደ ላይ ሲል የአሮጌዎቹ ኦፕአምፖች ሃርሞኒክ ወደ ታች ይል ነበር። ተጣፍተው −106 ሆኑ። ኦፕአምፖቹን ሳጸዳ የኦሲሌተሩ ጉድ ብቻውን ወጣ።

ይህ ሐሳብ ብቻ እንዳይሆን ፈተንኩት። አሮጌዎቹን ኦፕአምፖች ሶኬታቸው ላይ መልሼ የኦሲሌተሩን ሞገድ ገለበጥኩት፤ ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ። ሞገዱ ሲገለበጥ የኦሲሌተሩ ሁለተኛ ሃርሞኒክ አብሮ ይገለበጣል፤ መለኪያው ውስጥ የሚወለደው ግን አይገለበጥም። ስለዚህ ሁለቱ መጣፋታቸው ቀርቶ መደመር አለባቸው። ተደመሩ። −94። ልጁ ቁጥሩን ሲያይ ወንበሩን ስቦ ቁጭ አለና «እንደገና አድርገው ጋሼ» አለኝ። ሦስት ጊዜ አደረግሁለት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ኦሲሌተሩ ላይ ተመለስኩ። ሁለተኛ ሃርሞኒክ ካለ ጥርጣሬው ጄፌቱ ላይ ነው። ሁለቱን 100 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ነቅዬ ለካሁ። አንዱ 100። ሌላው 120። ቀለሙን በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ ቡናማ፣ ቀይ፣ ቢጫ። ጥቁር መሆን የነበረበት ቀለም ቀይ ነው። በማታ ነበር የበየድኩት፣ መብራትም ሄዶ በስልክ ብርሃን። ከእንግዲህ ማንኛውንም ሬዚስተር ሳልለካ አልበይድም።

120ውን አውጥቼ በምትኩ 91 ኪሎና 20 ኪሎ ትሪመር በተከታታይ አስገባሁ። ግማሽ ማለት በወረቀት ላይ ግማሽ ነው፤ ጄፌቱ ግን የራሱ ጠባይ አለው። በትዊን ቲ በኩል ስፔክትረሙን እያየሁ ትሪመሩን በካቻቢቴ ቀስ አድርጌ አዞርኩት። የሁለተኛው ሃርሞኒክ ዘንግ እየቀለጠ ወረደ። −102፣ −107፣ −111። −113 ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ አልወርድ አለ። ትንሽ ባዞር መልሶ ይወጣል። እዚያው ተውኩትና በጥፍር ቀለም አሸግሁት።

አዲሶቹን ኦፕአምፖች መልሼ ለካሁ። 0.0018 በመቶ በ80 ኪሎኸርዝ። የ30 ኪሎኸርዙን ማጣሪያ ስጫን 0.0011። የቀረው ከሞላ ጎደል ጫጫታ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ከ0.0019 ወደ 0.0018 ለመውረድ አንድ ወር ፈጀ ይላል። ልዩነቱ ግን የመጀመሪያው በአጋጣሚ የተገኘ ቁጥር መሆኑ ነው። ሌላ አምፕሊፋየር መሃል ቢገባ ማጣፋቱ ይፈርስ ነበር፤ ያኔ ያልሠራውን ጥፋት በአምፕሊፋየሩ ላይ እለጥፍ ነበር። ስንት ሰው እንደዚህ ያለ ቁጥር ይዞ ደህና ዕቃ ይፈታታል።

ቴክትሮኒክስ ውስጥ በኦዲዮ መለኪያ ላይ ይሠሩ ከነበሩት መሐንዲሶች ጥቂቶቹ፣ ብሩስ ሆፈር ከነሱ አንዱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥተው ኦዲዮ ፕሪሲዥንን መሠረቱ። ዛሬ የዘርፉ ትልቅ ስም የእነሱ ነው። ይህን ሞጁል ስፈታ ከአርባ ዓመት በፊት ምን ያህል ተጨንቀው እንደሠሩ አየሁ። እያንዳንዱ ግራውንድ የሚሄድበት መንገድ ታስቦበታል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራ። አንድ ደንበኛ አሮጌ ፓወር አምፕ አመጣ። «ድምፁ ይሻክራል፣ በተለይ ቀነስ ሲል» አለኝ። ሁለት ቦታ ወስዶት ደህና ነው ብለው መልሰውለታል። በእርግጥ በመልቲሜትር ስታዩት ደህና ነው።

በስፒከር ፈንታ ባለ 8 ኦም ሎድ ላይ አገናኝቼ ውጤቱን 2.83 ቮልት ላይ አደረግሁት፤ አንድ ዋት ማለት ነው። 0.38 በመቶ። 20 ዋት ላይ ደግሞ 0.09። ኃይሉ ሲጨምር ዲስቶርሽኑ መቀነሱ ራሱ ይናገራል። የተረፈውን ምልክት ኦሲሎስኮፕ ላይ አወጣሁት። ሞገዱ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ እሾህ ቆሟል። የላይኛውና የታችኛው ትራንዚስተር ሲቀባበሉ መሃል ላይ ሁለቱም የሚተኙበት ቅጽበት አለ። ባያሱ፣ ሁለቱ እንዳይተኙ የሚያደርገው ትንሽ ከረንት፣ ወርዷል።

ክዳኑን ከፍቼ የባያስ ትሪመሩን አገኘሁ፤ አቧራ ለብሷል። ልጁን ካቻቢቴውን አስያዝኩት። «በጣም ቀስ ብለህ፣ እኔን ሳይሆን እሾሁን እያየህ» አልኩት። ዞር አደረገው። እሾሁ አጠረ። ትንሽ ጨመረበት። እሾሁ ጉብታ ሆነ፣ ጉብታውም ለጠጠ። የሂት ሲንኩን ሙቀት በእጄ እየጠበቅሁ አስቆምኩት። ግማሽ ሰዓት እንዲሞቅ ተውነውና እንደገና አየነው።

0.012 በመቶ፣ አንድ ዋት ላይ። ከቀኑ ጋር በወረቀት ጽፌ ክዳኑ ውስጥ ለጠፍኩት። ደንበኛው ሰኞ ይመጣል።